ሽቴፊ ግራፍ በ13 ዓመቷ ሁሉን ታሸንፍ ነበር እንዴ?

የልጅቷ እናት ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው እዚህ ጀርመን፣ ሃይደልበርግ አጠገብ ነው። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቴኒስ ከጀመረች አምስት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ የወሰድኳት እንዲያው ቤት ውስጥ ተቀምጣ ስክሪን ላይ ከምታፈጥ ብዬ ነው። የሰፈራችን ክለብ ውድ አይደለም፤ ሜዳው ከቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ችግሩ ያ ቀዩ አፈር ብቻ ነው። ካልሲዋን ሁለት ጊዜ አጥቤውም አይለቅም። የመኪናው ወንበር፣ የመታጠቢያው ወለል፣ የአልጋዋ አንሶላ፣ ሁሉም ቀላ ያለ ሆኗል። ይህን ለምጄዋለሁ።

ያልለመድኩት የዘንድሮውን ነው። በፀደይ አሠልጣኟ ጠርቶን "ልጅቷ ትችላለች፣ በጋውን በሙሉ በየሳምንቱ ውድድር አስገቧት" አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ከአፉ ያቺ ጀርመናዊት የቴኒስ ኮከብ ሽቴፊ ግራፍ አትወጣም። "ሽቴፊ እኮ እዚሁ ብሩል ነው ያደገችው፣ ከኛ ቤት በመኪና ቅርብ ነው" ይላል። "በ13 ዓመቷ ፕሮፌሽናል ነበረች። የኛዋ አንድ ዓመት ቀርቷታል" ይላል። እንደ ትራንስፖርት ሰዓት ነው የሚያወራው፣ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው በሚል ዓይነት።

ባለፈው እሁድ ልጄ በሁለት ዙር 6ለ0፣ 6ለ1 ተሸነፈች። ያሸነፈቻት ልጅ በቁመት ትከሻዋ ላይ ነው የምትደርሰው። መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። ነዳጅ ማደያው ጋ ስንደርስ ከኋላ ሆና "ባባ፣ ሽቴፊ እንዲህ ተሸንፋ ታውቃለች?" አለችው። እሱም ቀልጠፍ ብሎ "አታውቅም!" አላት። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

እኔ ስለ ቴኒስ ብዙም አላውቅም። ፎርሃንድና ባክሃንድ (በመዳፍና በእጅ ጀርባ በኩል የሚመታውን) ለመለየት ራሱ ዓመት ፈጅቶብኛል። ስለ ሽቴፊ ስፈልግ የሚወጣልኝ ሁሉ በፈረንጆቹ 1988፣ አራቱም ግራንድ ስላም (ትልልቆቹ የቴኒስ ውድድሮች)፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ነው። እኔ ግን ጅማሬዋን ነው ማወቅ የምፈልገው። እውነት ከመጀመሪያው ሁሉን ታሸንፍ ነበር? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

—

ቤከር ነው ንጉሡ መለሰ፦

እህት፣ ሽቴፊን ተያትና ስለ ጀርመናዊው የቴኒስ ተጫዋች ስለ ቦሪስ ቤከር ንገሪያት። የላይመን ልጅ ነው፣ እሱም ጎረቤታችሁ ማለት ነው። በ1984 የለንደኑ ታላቅ ውድድር ዊምብልደን ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ወጣ። በዓመቱ ተመልሶ በ17 ዓመቱ ዋንጫውን በላው። ከዋናዎቹ ተፎካካሪዎች ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበረም። ፍጻሜው ላይ ኬቨን ከረንን በአራት ዙር ነው ያሸነፈው። ከዚያ በፊትማ ከአሜሪካዊው ቲም ማዮት ጋር ሲጫወት እግሩ እንደገና ተጠምዝዞ ሊያቆም ምንም አልቀረውም ነበር።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ቤከር ራሱ እንደሚያወራው፣ ልጅ ሆኖ ከወንዶቹ ደካማው ስለነበር አሠልጣኞቹ ከሴቶቹ ጋር ይመድቡት ነበር። ከሴቶቹ ጎበዟ ደግሞ ሽቴፊ ነበረች። አስቡት እንግዲህ፣ ሁለቱ የወደፊት የዊምብልደን አሸናፊዎች አንድ ሜዳ ላይ፣ አንደኛው በቅጣት መልክ!

—

የማንሃይሙ ሽማግሌ መለሰ፦

ሰላም እህቴ። ማንሃይም የገባሁት በ1981 ነው (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በሱዳን በኩል መጥቼ፣ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በሕይወቴ ራኬት ይዤ አላውቅም። ግን በዚያ ዘመን እዚህ አካባቢ እየኖሩ ስለ ቴኒስ አለመስማት አይቻልም ነበር። ዳቦ ቤት ስትገቢ ቤከር፣ ፀጉር ቤት ስትገቢ ግራፍ። እኔ ጀርመንኛ የተማርኩት ግማሹን ከስፖርት ጋዜጣ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ትክክለኛውን ሰዋስው ሳላውቅ "ደብል ፎልት" ማለት አውቅ ነበር።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ባልሽ ተሳስቷል። ልጅቷን ዛሬውኑ ጠርቶ ያርምላት።

ጥቅምት 1982 ነው፣ ሽቱትጋርት አጠገብ ፊልደርሽታት በምትባል ከተማ። ሽቴፊ 13 ዓመት ከአራት ወሯ። የመጀመሪያዋ የፕሮፌሽናል ጨዋታ። ዕጣው ያወጣባት ማንን መሰለሽ? ትሬሲ ኦስቲንን። ኦስቲን የአሜሪካውን ታላቅ ውድድር ዩ ኤስ ኦፕንን ሁለት ጊዜ የወሰደች፣ የዓለም አንደኛ የነበረች አሜሪካዊት ናት። ውጤቱ 6ለ4፣ 6ለ0 ለኦስቲን። ከጨዋታው በኋላ ስለ ልጅቷ ሲጠይቋት፣ እንዲህ ዓይነት ልጆች አሜሪካ ውስጥ በመቶዎች አሉ የሚል መልስ ሰጠች። ሁለቱ እንደገና የተገናኙት ከ12 ዓመት በኋላ፣ 1994 ኢንዲያን ዌልስ ላይ ነው። ያኔ 6ለ0፣ 6ለ0 ለሽቴፊ። በእርግጥ ኦስቲን በጉዳት ምክንያት ለዓመታት ርቃ የተመለሰች ነበረች፤ የሰው ሐቅ መብላት አልፈልግም።

ይህንን ታሪክ ሁሉም ያወራዋል። እኔ የምወደው ግን መሃሉን ነው፣ ማንም የማያወራውን።

በ1983 መጀመሪያ ደረጃዋ 124ኛ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ 98ኛ። በ1984 መጨረሻ 22ኛ። በ1985 መጨረሻ 6ኛ። ሲያዩት ደረጃ በደረጃ እንደ ወጣች ነው የሚመስለው። አሁን ዋንጫውን ቁጠሪ። 1983 ላይ የለም። 1984 ላይ የለም። 1985 ላይም የለም። የዓለም ስድስተኛ ሆና አንድም የፕሮፌሽናል ዋንጫ ቤቷ አልነበረም! በ1984 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ በ15 ዓመቷ አሸንፋለች፤ ግን ያኔ ቴኒሱ የገባው ለማሳያ ብቻ ነው፣ ያውም ለወጣቶች። እንደ ወርቅ አይቆጠርም።

በዚያው ዓመት ዊምብልደን ላይ አራተኛው የማጣሪያ ደረጃ ድረስ ሄዳ፣ እንግሊዛዊቷን ጆ ዱሪን በአገሯ ዋና ሜዳ ላይ ልታሸንፍ ምንም አልቀራት። ግን ተሸነፈች። በ1985 ዩ ኤስ ኦፕን ላይ ፓም ሽራይቨርን አሸነፈች፤ ሦስቱም ዙር በታይብሬክ (በመለያ ነጥቦች) ነው ያለቀው፣ 7ለ6፣ 6ለ7፣ 7ለ6። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነበር። ቀጥሎ የዘመኑ ኃያል ማርቲና ናቭራቲሎቫ መጣችና አሰናበተቻት።

እህቴ፣ ለልጅሽ የምትነግሪያት ቁጥር ይኸውልሽ። ከ1985 እስከ 1986 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ሽቴፊ በአሜሪካዊቷ ኮከብ በክሪስ ኤቨርት ስድስት ጊዜ ተሸንፋለች። በናቭራቲሎቫ ሦስት ጊዜ። ዘጠኝ ጊዜ ማለት ነው። በዘጠኙም አንድ ዙር እንኳ አላገኘችም። ልጅሽ ስንት ጊዜ ተሸነፈች? አንድ እሁድ?

የመጀመሪያዋ ዋንጫ የመጣው ሚያዝያ 13 ቀን 1986 ነው፣ አሜሪካ ሂልተን ሄድ። ፍጻሜው ላይ የቆመችው ያቺው ኤቨርት ነበረች። ሽቴፊ አሸነፈቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ኤቨርት አንድም ጊዜ አላሸነፈቻትም። ተከታታይ ሦስት ዋንጫ ጨመረች፤ የመጨረሻው በርሊን ላይ ናቭራቲሎቫን 6ለ2፣ 6ለ3 አድርጋ ነው። ጎርፉ የተጀመረው ያኔ ነው። ከፊልደርሽታት እስከ ሂልተን ሄድ ሦስት ዓመት ተኩል።

አሁን ስለ አባትየው ላውራሽ። ባልሽን የሚመለከተው ይኼኛው ነው።

ፔተር ግራፍ መኪናና ኢንሹራንስ ሻጭ ነበር። ልጁን ራኬት ያስያዛት በሦስት ዓመቷ፣ ሳሎን ውስጥ ነው። የሚያወራው አንድ ነገር አለ። ኳሱን 25 ጊዜ ሳታቋርጥ ከመለሰችለት አይስክሬም ይገዛላታል። እሷ በዚያ ትንሽ እጇ ትቆጥራለች፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት… ሃያ አምስተኛው ላይ ሲደርስ አባትየው ብዙውን ጊዜ አጠንክሮ ይመታባታል። ለምን? ሁልጊዜ አይስክሬም አይበላም ብሎ! እኔ ይህን ሳነብ ስቄያለሁ። ሚስቴ ግን አልሳቀችም። "ክፉ ሰውዬ" ነው ያለችው።

ክፉም ይሁን ደግ፣ አንድ ነገር አውቆበታል። ልጅቷን ብዙ አያጫውታትም ነበር። በ1985 ከዩ ኤስ ኦፕን በፊት ሽቴፊ የተጫወተችው 10 ውድድር ብቻ ነው። አርጀንቲናዊቷ ገብሪኤላ ሳባቲኒ፣ ያውም በአንድ ዓመት የምታንሳት፣ በዚያው ጊዜ 21 ተጫውታለች። ልምምድ ግን ሌላ ነው። በቀን እስከ አራት ሰዓት፣ ከአውሮፕላን ወርዳ በቀጥታ ወደ ሜዳ። ልምምዱን አብዝቶ ውድድሩን መቆጠብ፣ ዘዴው ይኸው ነበር። የናንተ አሠልጣኝ ደግሞ በየሳምንቱ ውድድር ይላችኋል።

ሰውዬውን ግን አርዓያ አታድርጉት። ልጅቷን ማን እንደሚያናግራት፣ የት እንደምትጋበዝ፣ ሁሉን የሚወስን እሱ ነበር። በኋላም በገቢዋ ግብር የተነሳ ተፈርዶበት ታስሯል። ከሱ የምወስደው ካላንደሩን ብቻ ነው።

ይቅርታ፣ አበዛሁት። ሽማግሌ ስታገኙ እንዲህ ነው።

—

የልጅቷ እናት መለሰች፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አላበዙትም፣ እንዲያውም ጨምሩልኝ። ዘጠኝ ጊዜ የሚለውን ለልጄ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ስልኬን ነጥቃ ራሷ አነበበችው። ከዚያ "አንድ ዙር እንኳ?" አለችኝ። "አንድ ዙር እንኳ" አልኳት። ምንም ሳትል ወደ ክፍሏ ሄደች። ትንሽ ቆይቼ ስሰማ ኳሷን ግድግዳ ላይ እያነጠረች ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። የታችኛው ጎረቤት መጥረጊያ ሲያንኳኳ ነው ያቆመችው።

ባለቤቴ አንብቦታል። "እና ታዲያ በ13 ዓመቷ ፕሮፌሽናል ሆና የለም ወይ?" ይላል አሁንም። እሷን ነገር አልለቀቃትም።

—

ኳስ አቀባይ መለሰ፦

ሰላም። እኔ ኮሎኝ ነኝ፣ ክለብ ውስጥ ሕፃናትን አሠለጥናለሁ። ለአባትየው ይህን ንገሪው እህት፤ ዛሬ በ13 ዓመት የሽቴፊን ነገር ማድረግ ክልክል ነው። 14 ያልሞላት ልጅ በሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድር አትገባም። 14 ከሞላትም በኋላ እስከ 18 ድረስ በዓመት ስንት ውድድር እንደምትጫወት ተቆጥሮ ነው የሚሰጣት። ባቡሩ ሊያመልጣችሁ ይቅርና ገና ጣቢያው አልተከፈተም።

ሕጉ የመጣው ከ1995 ጀምሮ ነው። ምክንያቱ በዋናነት አሜሪካዊቷ ጄኒፈር ካፕሪያቲ ናት። በ1990፣ 14 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንት ሲቀር ጀመረች፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ታላቅ ውድድር ሮላንድ ጋሮስ ላይ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ሁሉም አጨበጨበላት። በ1993 መጨረሻ ግን ሰለቻትና ሜዳውን ትታ ጠፋች። ገና 17 ዓመቷ ነበር። በኋላ ተመልሳ ግራንድ ስላም ብታሸንፍም፣ እነዚያን ዓመታት ማን ይመልስላታል? ሕጉ ሊመጣ ሲል በሩ ሳይዘጋ ተሽቀዳድመው የገቡ አሉ። ቬነስ ዊልያምስና ማርቲና ሂንጊስ ሁለቱም የጀመሩት በጥቅምት 1994 ነው፣ በ14 ዓመታቸው።

ከሥራዬ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውጤት አይታይም። እኔ የማየው ከተሸነፈች በኋላ ሰኞ ዕለት ትመጣለች ወይ የሚለውን ነው። ቁመቷ ገና የሚጨምር ልጅ፣ ሰርቩ (የመጀመሪያው ምት) በየስድስት ወሩ ይበላሽባታል። እጇ ይረዝማል፣ ኳሱን የምትወረውርበት ቦታ ይጠፋታል። ትከሻዋ ላይ የምትደርሰው ትንሽዬ ልጅ 6ለ0 ያሸነፈቻትም ለዚያ ሊሆን ይችላል። ትንንሾቹ ኳስ አያበላሹም፣ እየመለሱ እየመለሱ ያሳብዷችኋል።

ሽቴፊን ራሷን ተመልከቱ። ባክሃንዷን ብዙውን ጊዜ እየቆረጠች ዝቅ አድርጋ ነበር የምትመልሰው። ፎርሃንዷ ግን ሌላ ነው፤ "ፍሮይላይን ፎርሃንድ" (ወይዘሪት ፎርሃንድ) ይሏት ነበር። ወደ ባክሃንዷ የመጣውን ኳስ በእግሯ ዞራ ሄዳ በፎርሃንድ ትመታዋለች። ያንን ለማድረግ እግር ያስፈልጋል። በ12 ዓመት ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ እግሯ ላይ አውጡት እላለሁ፣ ሩጫ፣ ገመድ ዝላይ። ይህ ደግሞ በነፃ ነው።

—

የማንሃይሙ ሽማግሌ መለሰ፦

ኳስ አቀባይ፣ ያንን ሕግ አላውቀውም ነበር፤ እግዜር ይስጥህ።

እህቴ፣ ጨምሩልኝ ስላልሽ አንዲት ነገር ልጨምር። ሰኔ 6 ቀን 1987፣ ቅዳሜ። የሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ፣ ሽቴፊና ናቭራቲሎቫ። ያኔ የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ አራት ሐበሾች፣ አንዲት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን። አንቴናዋ የልብስ መስቀያ ሽቦ ናት። ቀዩ አፈር ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየን። ኳሱ ሲመታ እንጂ ሲሄድ አይታይም ነበር። እኛ የምናየው የሽቴፊን እግር ነው። ነጥብ ባለቀ ቁጥር ሌላው ፎጣ ሲፈልግ እሷ ዞራ ቦታዋ ትደርሳለች፣ አውቶቡስ የሚያመልጣት ይመስል።

6ለ4፣ 4ለ6፣ ሦስተኛው ዙር 6ለ6 ደርሶ አላልቅ አለ። ከመካከላችን አንዱ የማታ ፈረቃ ነበረበት፤ ጫማውን አንድ እግር አጥልቆ በሩ ላይ ቆሟል። ሽቴፊ 7ለ6 መራች። ናቭራቲሎቫ ሰርቭ አደረገች። የመጨረሻው ነጥብ ምን ሆነ መሰለሽ? ደብል ፎልት! የዓለም አንደኛዋ፣ ልጅቷን ስንት ጊዜ የረመረመቻት ናቭራቲሎቫ፣ ኳሱን ሁለት ጊዜ አበላሽታ ዋንጫውን ሰጠቻት። 8ለ6። ሽቴፊ 18 ዓመት ሊሞላት ስምንት ቀን ይቀራት ነበር። በነሐሴ የዓለም አንደኛ ሆነች።

እኛ ጮህን። ለምን እንደጮህን እስካሁን አላውቅም፤ ጀርመን አይደለን፣ ቴኒስ አንጫወት። የመኖሪያ ፈቃዳችንም ገና አልተወሰነም ነበር። የፎቁ አስተዳዳሪ መጥቶ በሩን ደበደበ። ከፍተን "ሽቴፊ!" ስንለው ሳቅ ብሎ ተመለሰ። በሌላ ቀን ቢሆን ማስጠንቀቂያ ይጽፍብን ነበር። ባለ ፈረቃው ልጅ ዘግይቶ ሄዶ የአንድ ሰዓት ደሞዝ ቀነሱበት። አሁንም ስንገናኝ "ናቭራቲሎቫ ዕዳ አለባት" ይላል።

—

የልጅቷ እናት መለሰች፦

ጋሼ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ከአሠልጣኙ ጋር ተነጋገርን፤ በጋውን ስድስት ውድድር ብቻ ትጫወታለች። ባለቤቴ የዕድሜውን ሕግ ካነበበ በኋላ በጣም ተረጋግቷል። እንዲያውም ትንሽ ያዘነ ይመስላል።

ቅዳሜ ዕለት ዝናብ ስለነበር ሜዳ አልወጡም። ሶፋውን ገፍተው፣ ሁለት ወንበር መሃል የመጋረጃ ገመድ ወጥረው ሳሎን ውስጥ ጀመሩ፣ በስፖንጅ ኳስ። ደንቡ የፔተር ግራፍ ነው፣ 25። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሲቆጥሩ እሰማለሁ። ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት። ሃያ አራት። ከዚያ ጷ! አለና ዝም።

"ባባ፣ ሆን ብለህ ነው!"

"አይደለም፣ እጄ አምልጦኝ ነው" ይላታል። ግን ጋሼ የጻፉትን እሷም አንብባዋለች። የቡና ረከቦቱ ላይ ከነበሩት ስኒዎች ሁለቱ ተሰብረዋል። አይስክሬሙን የገዛው እሱ ነው።